የባላጋራ ወረቀት

ጋሪው ድልድዩን ሲወጣ አንደኛው መንኮራኩር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አራታችንንም ከመቀመጫችን አነጠረን። የመምህሩ ባርኔጣ ጭቃ ውስጥ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ፤ ሸክላ የምንለው ተማሪ ጉልበቱን ከሣንቃው ጋር አጋጨ፤ የመብራት አብሪው ሚስት የያዙትን ጥቅል ደረታቸው ላይ ለጠፉት። እኔ መዝገቡን አልለቀቅኩም።

«ሰውዬ፣ የጫንከው ሰው ነው ድንች?» አልኩት ባለጋሪውን።

«ድንችማ ቢሆን ዝም ይል ነበር» አለ፣ ዞር እንኳ ሳይል።

መምህሩ ሳቁ፤ ሸክላም ሳቀ። እኔ ግን የባሰ መልስ ስፈልግለት ድልድዩ አለቀ። በዚያን ዘመን የመጨረሻውን ቃል ለማንም የማልተው ሰው ነበርኩ፣ ለባለጋሪም ቢሆን።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ችሎቱ የሚሰየመው በሦስት ሰዓት ነበር።

ያ ዓመት የሕግ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በይግባኝ ችሎት ቆመው እንዲከራከሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደበት ዓመት ነው። ፈቃዱም የተገኘው በልመና ነበር። መምህሩ ሃያ ሁለት ዓመት በዚያው ፍርድ ቤት በዳኝነት ያገለገሉ፣ ጡረታ ሲወጡ አርፈው መቀመጥ ያቃታቸው ሰው ናቸው። «ዋና ከመጽሐፍ ታስተምሩትና ወንዝ ዳር አምጥታችሁ ትገፈትሩታላችሁ!» እያሉ የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ቢሮ ስምንት ወር ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ ሰለቻቸውና ፈቀዱ። ጠበቃ መያዝ የማይችል እስረኛ ሲገኝ አንድ ተማሪ ካባ ለብሶ ይቁምለት፣ መምህሩም ከጎኑ ይቀመጡ አሉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ በቀይ ሰም የታተመ የፈቃድ ደብዳቤ ተሰጠው። ለአንድ ዓመት፣ ለሙከራ።

እኔ ተማሪ አልነበርኩም። ወደ ትምህርት ቤቱ የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ወለል ልወለውል ነው። ፊደል የቆጠርኩት የመጽሐፍ ጀርባ አቧራ ስጠርግ፣ ሕግ የተማርኩት ተማሪዎቹ ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉትን ወረቀት እያነሳሁ ነው። የጽሕፈት መኪናውንም ማንም አላሳየኝም። አንድ ፊደሉ የተሰበረ አሮጌ መኪና ጓዳ ተጥሎ አገኘሁና በምሳ ሰዓት እየቀጠቀጥኩ ጣቴን አስለመድኩት። በሃያ ዓመቴ ከዚያ ቤት ያለ እኔ እጅ የሚወጣ ወረቀት አልነበረም። የትልልቅ ሰዎች ልጆች የጻፉትን እየተየብኩ ስህተታቸውን አውቅ ነበር፤ ማወቄንም እንዲያውቁ አደርግ ነበር። ቅጽል ስም የማወጣላቸውም እኔ ነበርኩ። አንዱ ሲናገር ቃል ይይዘዋል፤ አንዴ ከተያዘ እዚያው ላይ ይደጋግማል። መርፌው ጭረት ላይ የተተከለበት የግራሞፎን ሸክላ ማለት ነው። «ሸክላ» አልኩት። በሳምንቱ ዘበኛው ሳይቀር ሸክላ ይለው ጀመር።

እንግዲህ የመብራት አብሪው ጉዳይ የደረሰው ለሸክላ ነበር።

ሽማግሌው መብራት አብሪ ሃያ ስምንት ዓመት መሰላሉን በትከሻው፣ የጋዝ ጣሳውን በእጁ ይዞ ሠላሳ ሁለት የመንገድ ፋኖሶችን ሲያበራ የኖረ ሰው ነው። የመጨረሻው ፋኖስ ያለው ከጥጥ መጋዘኑ በር ላይ ነበር። አንድ ምሽት መጋዘኑ ተቃጠለ። በማግስቱ መብራት አብሪውን ጠሩትና አንድ ወረቀት አቅርበው በአውራ ጣቱ አስፈረሙት። ወረቀቱ «ፋኖሱን በወጉ ሳልዘጋ ሄድኩ፤ ወድቆ መጋዘኑን አቃጠለ» ይላል። ማንበብ አይችልም። ያነበበለትም የለም። ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ያን ቀን አንድ ዓመት ከአራት ወሩን ጨርሶ ነበር፣ ከሳል ጋር። የሸክላ ክርክር አጭርና ጥሩ ነበር፦ ያልተነበበለት የእምነት ቃል የእምነት ቃል አይደለም፤ ቃሉ ከወጣ ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ የቀረ ማስረጃ የለም። መምህሩ «ይህን ከረታህ ሰውዬው ዛሬ ቤቱ ይገባል» ብለውታል። ሚስትየዋም ሰምተዋል። ጉልበታቸው ላይ ያለው ጥቅል የባላቸው ኮት ነው፤ ወጥቶ የሚለብሰው። በብሩሽ ሲያጸዱት እንዳመሹ ጋሪው ላይ ሁለት ጊዜ ነግረውናል።

«ገ… ገጽ አሥራ አራትን አሳዪኝ እስቲ» አለኝ ሸክላ።

መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ገለጥኩ። በእጄ ያለው የእኛ ቅጂ ነው፤ የዳኞቹ ሦስቱና የዐቃቤ ሕጉ አንዱ ከሦስት ቀን በፊት ገብተዋል። አምስቱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በወፍራም መርፌና በሰም በታሸ ክር። ገጽ አሥራ አራትን አሳየሁት። ከዚያ እንዲያው ሥራዬን ልይ፣ ልደሰትበት ብዬ ወደሚቀጥሉት ገጾች ገለበጥኩ። ከሃያ ሁለተኛው ገጽ ቀጥሎ ሊኖር የማይገባ ወረቀት ተሰፍቷል።

የእኔ ወረቀት ነው።

መምህሩ አንድ ልማድ ነበራቸው። ተማሪ ችሎት ፊት ከመቆሙ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ከጓደኞቹ አንዱ «የባላጋራ ወንበር» በሚሏት ባለ ሦስት እግር ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የገዛ ጉዳያችንን ከደካማ ጎኑ ገብቶ ያፈርሳል። ክርክሩንም ጽፎ ይመጣል። ከተነበበ በኋላ ወረቀቱ እዚያው በዓይናቸው ፊት ምድጃ ውስጥ ይገባል። «ይህ ወረቀት ከዚህ ክፍል በእግሩ አይወጣም» ይሉ ነበር። በዚያ ሐሙስ ተረኛው ታመመና ቀረ። መምህሩ ዞር ዞር አሉ፤ ከመኪናዬ ኋላ ሆኜ አየኋቸው። «ይህቺ ልጅ መዝገቡን ከሁላችሁም በላይ ታውቀዋለች። ነይ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከሳምንት በፊት። ያገኘሁትን ዐቃቤ ሕጉም የስር ፍርድ ቤቱም አላዩትም። መብራት አብሪው የመጨረሻውን ፋኖስ ያበራሁት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው ብሏል። ሚስቱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ገባ ብለው መስክረዋል። መንገዱ ግን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እሳቱ የታየው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። «ቀሪውን ግማሽ ሰዓት የት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ከወንበሩ ተነስቼ። ሸክላ ሊመልስ ተነሳ፦ «ደ… ደ… ደ…»

«ኧረ መርፌውን አንሱለት!» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ፈገግ አሉ፤ አይቻቸዋለሁ። ሸክላ ተቀመጠ። ከዚያ መምህሩ «ይህ ክርክር በየትኛውም ዳኛ ፊት ይቆማል» አሉኝ። ወረቀቴን ተቀብለው ራሳቸው ምድጃው ውስጥ ከተቱት።

ያን ማታ ግን «በየትኛውም ዳኛ ፊት ይቆማል» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ሲያቃጭል አደረ። በማግስቱ ማንም ሳይገባ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና ከራሴ አውጥቼ እንደገና ጻፍኩት፣ አሳምሬ፣ ርእስ ሰጥቼ። አንድ ቅጂ ለራሴ ሣጥን ነበር የፈለግሁት። እጄ የለመደው ግን አምስት ነው፤ አምስት ወረቀት፣ በመሃሉ አራት ካርቦን። አምስት ወጣ። አምስቱንም የመዝገቡ ገጾች ተደርድረው በሚጠብቁበት መሳቢያ ውስጥ ገልብጬ ከተትኩ፤ ሰው እየመጣ ነበርና። ከሰዓት በኋላ ስፌት ተቀመጥኩ። አምስት ክምር፣ አምስት ቅጂ። ስሰፋ አስብ የነበረው ስለ ስፌቱ አልነበረም።

«አገኘሽው?» አሉ መምህሩ። «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው?»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ሩብ ሰዓት ቀርቶን ነበር። ጋሪውን አፍጥነን ሬጅስትራሩ ዘንድ ብንቀርብ፣ «በስህተት የተሰፋ ነው» ብለን ብናስነሳው ይቻል ነበር። መምህሩ የቤቱን በር ሁሉ ያውቃሉ። አፌ ተከፈተ።

«ጋሪው ነው» አልኩ። «ሆዴን አናወጠኝ።»

የመብራት አብሪው ሚስት ጥቅሉን ወደ ሌላው ጎን አዛወሩና ትከሻቸውን ሰጡኝ። «ተደገፊኝ የኔ ልጅ። አንቺኮ ነሽ ለኛ ስትለፊ የከረምሽው።» ተደገፍኳቸው። መናገሩ ቀርቶ፣ ጭራሽ ተደገፍኳቸው።

የችሎቱ አዳራሽ ከፍ ያለ ጣሪያ አለው፤ ዝናብ ያዘለ ብርሃን ከላይ ብቻ ይገባል። ሦስቱ ዳኞች ከመድረኩ ላይ፣ ሰብሳቢው መሃል፤ ከሥራቸው ጸሐፊው የብዕሩን ጫፍ በቀለም ጠርሙሱ አፍ ላይ ያንጠባጥባል። መብራት አብሪው ከሁለት ዘቦች መሃል ቆሟል። ቁመቱ ከመዝገቡ ላይ ካሰብኩት ያጥራል። ሚስቱን ሲያይ በአገጩ ሰላም አላት፤ እሷም ጥቅሉን ከፍ አድርጋ አሳየችው። እንዲህ ሳያቸው ሁለቱም ወጣት መሰሉኝ።

ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ጸለይኩ፤ ዳኞቹ እንዳያነቡ። ዳኛ መዝገቡን ሳያነብ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ የምሳደብ ሰው ነበርኩ።

ሸክላ ቆመ። ካባው የመምህሩ ነው፤ እጅጌው ጣቱን ይሸፍናል። «ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ጀመረ፤ ያለ እንቅፋት። ስለ አውራ ጣቱ ተናገረ። ወረቀቱን ማን እንዳነበበለት በመዝገቡ ውስጥ አንድም ስም እንደሌለ ተናገረ። አንድ ጊዜ ተያዘ፤ መምህሩ በእርሳስ ጉልበታቸውን ቀስ አድርገው መቱ፤ እሱም ቀጠለ። የግራው ዳኛ በአዎንታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የቀኙ ዐቃቤ ሕጉን «ማን አነበበለት?» ብለው ጠየቁት፤ ዐቃቤ ሕጉ ወረቀት አገላበጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ምንም አላገኘም። አለቀ አልኩ። ተረፍን።

ሰብሳቢው ዳኛ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ከሃያ ሁለተኛው ገጽ ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው?»

ሸክላ መዝገቡን ገለጠ። ጀርባውን ነው የማየው፤ ጀርባው ሲደርቅ አየሁ።

«ላንብብልህ» አሉ ሰብሳቢው። አነበቡት። «ስለ ጎደለው ግማሽ ሰዓት። ይግባኝ ባዩ የመጨረሻውን ፋኖስ ያበራው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መሆኑን በራሱ አንደበት ተናግሯል። ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ መግባቱን ሚስቱ መስክረውበታል። ከመጋዘኑ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ግማሽ ሰዓት ነው። እንግዲህ እሳቱ ሲነሳ ይህ ሰው የት ነበር? ይህን ለመመለስ የእምነት ቃል አያስፈልገንም…»

አሁን የምጽፈውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የገዛ ዓረፍተ ነገሮቼ በዚያ ከፍ ባለ ጣሪያ ሥር፣ በዚያ ወፍራም የዳኛ ድምፅ ሲነበቡ፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። እንዴት ያምራል አልኩ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ የመብራት አብሪው ሚስት ወደኔ ጠጋ ብለው «እኔን አነሱ እኮ፤ ጥሩ ነገር ነው የሚሉት?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ማነው ይህን የጻፈው?» አሉ ሰብሳቢው።

መምህሩ ወደ ኋላ አልዞሩም። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ባርኔጣ ነው ያዩት። አውቀዋል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሦስት ሰው በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሦስታችንም ዝም አልን፣ ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ስም ሲጠብቅ።

ያልተነሳሁት እግሬ ከድቶኝ አይደለም። ሙሉ ጤነኛ ነበርኩ። ግን አስላሁት። ወለል ወልዋይ የነበረች ታይፒስት የሕግ ክርክር ጻፈች ሲባል መምህሩ ይዋረዳሉ፤ ፈቃዱ ለተማሪዎቹ ሁሉ ይሰረዛል፤ እኔም ከመኪናዬ እነቀላለሁ። ምክንያቶቹ ሁሉ ጥሩ ምክንያቶች ነበሩ። ምክንያት መደርደር ከዚያ ቤት ከተማርኩት ሁሉ የተካንኩበት ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ሸክላ፣ «መዝገቡን አዘጋጅቼ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ለልምምድ የተጻፈ ነው፤ መቃጠል ነበረበት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አንድም ቃል አልያዘውም።

ዐቃቤ ሕጉ ፊቱ እንደ በራ ፋኖስ ሆኖ ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መልስ ሰጪ ይህን ክርክር እንዳለ የራሱ ያደርገዋል። ከዚህ አሻሽሎ ለመጻፍም አይችልም።» አዳራሹ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሙገሳ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ነበር።

«ግማሽ ሰዓቱን ታስረዳለህ?» አሉ ሰብሳቢው።

«መ… መንገዱን ሄጄበታለሁ። ሦስት ምሽት፤ መሰላልና የጋዝ ጣሳ ተሸክሜ። ደ… ደረጃ አለው፤ አርባ አራት ደረጃ። ባዶ እጁን ለሚሄድ ግማሽ ሰዓት ነው። ለተሸከመ ሰው አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ለኔ እንኳ። እሳቸው ደግሞ…»

«መሰላሉና ደረጃው በመዝገቡ ውስጥ አለ?»

የይግባኝ ችሎት ሕጉ ይሄ ነው፤ በስር ፍርድ ቤት ያልተሰማ ነገር እዚያ አይሰማም። መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ያስተማሩት እሱን ነው።

«የለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«እንግዲያስ አልሰማነውም።»

ሦስቱ ዳኞች ጭንቅላታቸውን ገጠሙ። ብዙም አልቆዩ። የእምነት ቃሉ ከማስረጃነት ተሰረዘ። «በዚህ ብቻ ቢሆን ይግባኝ ባዩን ዛሬ በነጻ ባሰናበትነው ነበር» አሉ ሰብሳቢው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ነው ያሉት። «ነገር ግን ከራሱ መዝገብ የተነሳን ጥያቄ አላየንም ልንል አንችልም። ጉዳዩ ወደ ስር ፍርድ ቤት ይመለስ፤ ስለ ግማሽ ሰዓቱ ማስረጃ ተሰምቶ ይወሰን። እስከዚያ ይግባኝ ባዩ በእስር ይቆይ። ተማሪው የፈቃድ ደብዳቤውን ለሬጅስትራሩ ይመልስ።» የስር ፍርድ ቤቱ ለዕረፍት ሊዘጋ ነው፤ ቶሎ ቢባል አምስት ወር።

መብራት አብሪው ከተነገረው ውስጥ የገባው አንድ ቃል ብቻ ይመስለኛል፤ «በነጻ» የሚለው። ወደ ዘቡ ዞረና በሩን በእጁ አመለከተ።

«ልሂድ?» አለው።

ዘቡ ክንዱን ያዘው፤ በሌላኛው በር ይዞት ወጣ። ሳሉ ከኮሪደሩ ማዶ ብዙ ጊዜ ተሰማ።

ደረጃው ላይ ሸክላን አገኘሁት። ካባውን በክንዱ አጥፎ ይዟል፤ የሬጅስትራሩ ቀይ ሰም ጣቱ ላይ ቀርቷል። ደብዳቤውን ሲመልስ ሰሙ ተሰብሮበት ነው። ምን እንደምል አስቤ አልመጣሁም።

«ለምን?» አልኩት።

«ደ…» አለ። «ደ…» ተያዘ። በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ጠበቆች ዘወር ብለው አዩት። ጠበቅሁ። ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር፣ እስኪጨርስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ በፊት ጠብቄው አላውቅም።

«ደረጃ አለ ልልሽ ነበር፤ ያን ሐሙስ» አለ። «ብ… ብትሰሚኝ ኖሮ እንደገና አትጽፊውም ነበር።»

አልተቆጣም። እንደ መርዶ ነጋሪ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ከዚያ ጋሪ ሊጠራ ወረደ። መምህሩ ተከተሉት፤ በአጠገቤ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። ለማላውቃቸው ሰው እንደሚያነሱት።

የመብራት አብሪው ሚስት ከዓምዱ ሥር ተቀምጠዋል። ጥቅሉ እንደታሰረ ነው።

«አምስት ወር ነው አሉኝ» አሉ። «አምስት ወርማ ያልፋል። ብርዱ ነው እንጂ። ኮቱን አልቀበልም አለኝ ዘቡ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ያን ወረቀት ማነው የጻፈው የኔ ልጅ? እኔ ራሴ የተናገርኩትን ይዞ ነው አሉ። እኔ ሁለት ሰዓት ያልኩት እራቱ እንደቀዘቀዘ አስታውሼ ነው እንጂ፣ ሰዓትም የለኝ።»

ከጎናቸው ተንበረከክሁ። ድንጋዩ እርጥብ ነበር።

«እኔ ነኝ እማማ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጉንጬን በመዳፋቸው መታ አደረጉኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ።

«አንቺማ የኛ ነሽ» አሉ። «እሱን ልታድኚ ብለሽ ነው። ጥፋቱን በራስሽ ላይ አታድርጊ፤ ልጁም እንዳንቺው ጥፋቱ የኔ ነው ሲል ነበር። ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ እናንተ!»

ደግሜ መናገር ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ እስኪያምኑኝ። ግን አላመኑኝም፤ እኔም ከደረቱ ላይ ድንጋይ እንደተነሳለት ሰው ተነፈስኩ። ካፈርኩባቸው ነገሮች ሁሉ የምደብቀው ያን ትንፋሽ ነው።

«ይህን ያዢልኝ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አሉና ጥቅሉን ሰጡኝ። ክንዳቸውን ደግፌ አስነሳኋቸው፤ ጋሪው ላይ አወጣኋቸው። ያው ባለጋሪ ነበር። መምህሩ ወደ አንዱ ጎን ዞረው ተቀመጡ፣ ሸክላ ወደ ሌላው። ኮቱ ጉልበቴ ላይ የጋዝና የሳሙና ሽታ ነበረው።

ድልድዩ ላይ ያችው ጉድጓድ ደረሰች። አራታችንም ነጠርን። ማንም ምንም አላለም።

ባለጋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየን።

«ምነው?» አለ። «ስትመለሱ ድንች ሆናችሁ?»

መልሴን ጠበቀ። ከዚያ ፈረሱን ቸብ አደረገ።